71 ቃላት ያሉት ዓረፍተ ነገር

ከመጀመሪያው የምርምር ጽሑፌ ረቂቅ አንድ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አስቀምጫለሁ። ቆጥሬዋለሁ፤ 71 የእንግሊዝኛ ቃላት አሉት። የውሃው ናሙና እንዴት እንደተቀዳ፣ በምን ዕቃ እንደተያዘ፣ ለምን በቅዝቃዜ እንደተቀመጠ፣ በምን መሣሪያ እንደተለካ፣ በመጨረሻም ምን እንደታየ ሁሉም እዚያው ውስጥ ታጭቋል። የሰዋስው ስህተት የለበትም። ኮማዎቹ እንኳ በቦታቸው ናቸው። ግን አንድ ጊዜ አንብቦ የሚገባው ሰው የለም። እኔ ራሴ አሁን ሳነበው መሃል ላይ ይጠፋኛል።

ያኔ ግን ኮርቼበት ነበር። «ይሄ ነው እንግሊዝኛ!» ብዬ ለጓደኛዬ አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ «በጣም ከባድ ነው» አለችኝ። እንደ አድናቆት ወሰድኩት።

ጥናቱ ስለ ጉድጓድ ውሃ ነበር። ውሃው ውስጥ ናይትሬት ምን ያህል እንዳለና ከወር ወር እንዴት እንደሚለዋወጥ ዓመቱን ሙሉ ስለካ ከረምኩ። ናይትሬት በብዛት የሚመጣው ከማዳበሪያ፣ ከእንስሳት እዳሪና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። ሲበዛ በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ነው፤ ደማቸው ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። እና እኔ የቁጥር ችግር አልነበረብኝም። ሦስት ደብተር ሙሉ ቁጥር ነበረኝ። «ሥራው አልቋል፤ መጻፍ ብቻ ነው የቀረኝ» እል ነበር። ያቺ «ብቻ» የምትባል ቃል አንድ ዓመት ተኩል በላችብኝ።

ረቂቁን ለአማካሪዬ ሰጠኋቸው። 34 ገጽ ነበር። ከሳምንት በኋላ ጠሩኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነው፤ አንድም የቀይ እስክሪብቶ ምልክት የለበትም። ደስ አለኝ። ልምድ ያላችሁ አሁን ትስቁ ይሆናል።

«ምን አገኘሽ?» አሉኝ።

«ውጤቱ ገጽ 19 ላይ አለ» አልኳቸው።

«ገጽ 19ን አንብቤዋለሁ። አንቺ ንገሪኝ። ምን አገኘሽ?»

ናይትሬት ለምን እንደሚያሳስብ ማብራራት ጀመርኩ። አቋረጡኝ። ወደ አለካኩ ዞርኩ። አሁንም አቋረጡኝ። ያስቸገረኝ እንግሊዝኛው መስሎኝ «በአማርኛ ልንገርዎት?» አልኳቸው።

«በፈለግሽው ቋንቋ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ።»

በአማርኛም አልወጣልኝም። አፌን በፈታሁበት ቋንቋ፣ በገዛ እጄ በሠራሁት ሥራ ላይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። ከቢሯቸው ስወጣ ፊቴ ግሏል። እስከዚያ ቀን ድረስ የጎደለኝ እንግሊዝኛ ነው ብዬ ነበር የማምነው። የሰዋስው መጽሐፍ ገዝቻለሁ፤ የቃላት ዝርዝር ሸምድጃለሁ። ለካ የምለው ነገር ሳይኖረኝ ነው እንዴት እንደምለው ስጨነቅ የከረምኩት።

ያቺ ዓረፍተ ነገር አራት ቀን ፈጀችብኝ። በመጨረሻ እንዲህ ሆነች፦ «ዝናብ ሲጀምር ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች ውስጥ ናይትሬት ይጨምራል፤ ስለዚህ በደረቁ ወራት አንዴ ብቻ የተወሰደ ናሙና ያሳስታል።» በአማርኛ እንደሆነች ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኳት። ከዚያ ረቂቁን ይዤ ከላይ እስከ ታች ሄድኩ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር የማያግዝ ምን አለ? ከ34ቱ ገጽ 20 ያህሉ ወጣ። የወጣው መጥፎ ሥራ ሆኖ አይደለም። ከፊሉ ብዙ የደከምኩበት ነው፤ ግን የሌላ ጽሑፍ ነበር።

ስለ ቋንቋ ካነሳሁ አይቀር አንድ የምወደው ታሪክ ላውራ። የሳይንስ ጆርናል የሚባለው ነገር፣ የምርምር ጽሑፎች የሚወጡበት መጽሔት ማለት ነው፣ የተጀመረው በ1665 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አንዱ ፓሪስ ላይ ወጣ፤ ሁለት ወር ቆይቶ ሌላው ለንደን ላይ። የለንደኑን የመሠረተው ሄንሪ ኦልደንበርግ እንግሊዛዊ አልነበረም። የብሬመን ተወላጅ ጀርመናዊ ነው። ለእሱ ደብዳቤ ይልኩ ከነበሩት መካከል ሌቨንሁክ የሚባል የኔዘርላንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ በገዛ እጁ በሠራው ማጉያ መነጽር ያገኘውን ሁሉ ሲመለከት የሚውል ሰው። የጊዜው ምሁራን የሚጽፉበትን ላቲን አያውቅም። እንግሊዝኛም አያውቅም። የሚጽፈው በደች ብቻ ነው። በ1676 ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ፍጥረታት ማየቱን ጽፎ ላከ። ኦልደንበርግ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1677 አተመው። ሌቨንሁክን «ምን አገኘህ?» ብትሉት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግራችሁ ነበር።

እርግጥ ዛሬ ቁጭ ብሎ የሚተረጉምልን ኦልደንበርግ የለም። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ከእንግሊዝኛ እኩል የሳይንስ ቋንቋ የነበሩበት ዘመን እኮ ሩቅ አይደለም። አንስታይን የ1905 ጽሑፎቹን ያሳተመው በጀርመንኛ ነው። አሁን ግን ዓለም አንድ ቋንቋ መርጧል፤ ሸክሙ ደግሞ እኩል አልተከፋፈለም። እኔ አንድ አንቀጽ ስጽፍ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። ይህን መካድ አልፈልግም። ግን የአማካሪዬ ጥያቄ የትኛው ሥራ መቅደም እንዳለበት አሳየኝ።

ወደ ረቂቄ ልመለስ። ሌላው በሽታው ቅደም ተከተሉ ነበር። የሠራሁትን በሠራሁበት ተራ ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ ይህን አደረግን፤ ቀጥሎ መሣሪያው ተበላሸ፤ ከዚያ ሌላ ተዋስን፤ ከዚያ እንደገና ለካን። የድሮዎቹ ሰዎች በደብዳቤ ሲጻጻፉ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነበር የሚተርኩት። እኔ 300 ዓመት ዘግይቼ ደረስኩ ማለት ነው። ዛሬ የምናውቀው መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት የሚለው አከፋፈል በዋና ዋናዎቹ የሕክምና ጆርናሎች ውስጥ ቦታ መያዝ የጀመረው በ1940ዎቹ ነው። በ1980ዎቹ ከእሱ ውጭ የሚጻፍ የለም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ነገሠ። ደረቅ ነው ብለው የሚያሙት አሉ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ምክንያቱም የምርምር ጽሑፍን ከላይ እስከ ታች በተራ የሚያነብ ሰው ብዙ አይደለም። ርዕስ ይታያል። ከዚያ አብስትራክት የሚባለው አጭር ማጠቃለያ። ከዚያ ሰንጠረዥና ግራፍ። ከዚያ «እንዴት ለካችው?» ያለ ሰው ብቻ ወደ ዘዴው ይገባል። ክፍፍሉ አንባቢው የሚፈልገውን ሳይንከራተት እንዲያገኝ ነው።

የሚነበብበት ተራ አንድ ነው፤ የሚጻፍበት ተራ ሌላ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔ ከርዕሱ ጀምሬ ወደ ታች ነበር የምወርደው። መግቢያው ላይ ብቻ ሦስት ወር ተቀምጫለሁ። አሁን የምጀምረው ከግራፉ ነው። የመጀመሪያው ግራፌ 12 መስመሮች በ12 ቀለም ነበሩበት፤ ክር የተወሳሰበበት ቅርጫት ይመስላል። ጉድጓዶቹን በጥልቀታቸው ለሁለት ከፈልኩ፣ ሁለት መስመር ብቻ አስቀረሁ። ዝናቡ በገባበት ወር አንዱ መስመር ሽቅብ ሲወጣ ሌላው ባለበት ቀረ። ጽሑፉ ግማሹ እዚያ አለቀ።

ከግራፉ ቀጥሎ ዘዴው ይጻፋል። የሠራችሁትን ስለምታውቁት ቀላሉ ክፍል እሱ ነው። መለኪያው አንድ ነው፦ ሌላ ሰው አንብቦ ሊደግመው ይችላል ወይ? «ናሙናው በቅዝቃዜ ተቀመጠ» አይበቃም። ስንት ዲግሪ? ስንት ሰዓት? ከዚያ ውጤት፤ የታየው ብቻ፣ ያለ ትርጓሜ። ከዚያ ውይይት። መግቢያው ወደ መጨረሻ ይመጣል። አብስትራክቱና ርዕሱ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ብዙ ጆርናሎች ለአብስትራክት ከ250 ቃል በላይ አይፈቅዱም፤ ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኳት ዓረፍተ ነገር ባትኖር ኖሮ 250ውን በመንደርደሪያ ጨርሼው ነበር።

እስቲ ደግሞ ስለዚያች ባለ 71 ቃል ዓረፍተ ነገር እናውራ። ከየት መጣች? ብዙ አሰብኩበት። የመጣችው ከአማርኛዬ ነው። በአማርኛ «ተቀድቶ፣ ታሽጎ፣ ተጓጉዞ፣ ተለክቶ፣ ውጤቱ ተመዘገበ» ብል ማንም አይደናገርም። እንዲያውም ያምራል። ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ይሸከማል፤ አንባቢውም እስኪመጣ መጠበቅ ለምዷል። ይህንኑ ሰንሰለት ወደ እንግሊዝኛ ስጎትተው ግን የሚሸከመው ነገር የለም። እንግሊዝኛ ባለቤቱንና ግሡን አጠገብ ለአጠገብ፣ ያውም ቶሎ ይፈልጋል። ባለቤቱን ተናግሮ ግሡን 30 ቃል ካራቁበት አንባቢው መንገድ ላይ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ሆነ፦ እያንዳንዱ «ተቀድቶ» ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ይሁን። ከ25 ቃል በላይ የሆነን ሁሉ እንደ ተጠርጣሪ አስቆመው ጀመር። አንዳንዱ ይፈታል፤ ብዙው ይቆረጣል።

ሌላም አመል ነበረኝ። በየዓረፍተ ነገሩ ራስ ላይ «ስለሆነም»፣ «በመሆኑም»፣ «ከዚህም በተጨማሪ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ እሰካ ነበር። አንድ ቀን ሁሉንም ፈልጌ አጠፋሁ። ምንም አልጎደለም። ሐሳቡ ከፊተኛው ጋር ከተያያዘ ማያያዣ አይፈልግም፤ ካልተያያዘ ደግሞ ማያያዣው አያድነውም። በእንግሊዝኛ ከስም በፊት የሚገቡትን «ኤ» እና «ዘ» የሚባሉትን ነገሮች ግን አትጠይቁኝ። እስካሁን እሳሳታለሁ፤ በዚያ ምክንያት ጽሑፌ የተመለሰበት ቀን ግን የለም።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልናገር። መጀመሪያ አካባቢ የሰው ዓረፍተ ነገር ወስጄ ሁለት ሦስት ቃል እቀይር ነበር። ስርቆት አይመስለኝም ነበር፤ «የተሻለ እንግሊዝኛ» መዋስ ነበር የሚመስለኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ረቂቄን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር በሚያመሳክር ሶፍትዌር አስገብቶ ሲያሳየኝ መግቢያዬ ከዳር እስከ ዳር ቀለም ተቀብቷል። ደነገጥኩ። በኋላ የገባኝ ልዩነቱ ይህ ነው፦ «የዚህ ጥናት ዓላማ…» ብሎ መጀመር የማንም ንብረት አይደለም፣ ሁሉም ይጠቀምበታል። የሰውን ሐሳብ የያዘው ክፍል ግን የዚያ ሰው ነው። አሁን የማስገባበትን ጆርናል ከመረጥኩ በኋላ እዚያ የወጡ አሥር ጽሑፎች አነባለሁ። ሥጋውን ትቼ አጥንቱን ብቻ ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፤ እንዴት ይጀምራሉ፣ ግራፉን እንዴት ይጠራሉ፣ የጥናታቸውን ድክመት የት ላይ ያምናሉ። ከሰዋስው መጽሐፉ የበለጠ የጠቀመኝ ያ ደብተር ነው።

ለመግቢያው ደግሞ ጆን ስዌልስ የሚባል የቋንቋ ምሁር በ1990 ያስቀመጠው ሦስት እርምጃ ረዳኝ። መጀመሪያ ሜዳውን ታሳያለህ፤ ቀጥሎ ሜዳው ላይ ያልተያዘውን ቦታ ታመለክታለህ፤ ከዚያ «እኔ እዚህ ቆሜያለሁ» ትላለህ። የእኔ መግቢያ ሜዳ ብቻ ነበር። ሦስት ገጽ ሙሉ ሜዳ! ስለ ውሃ አስፈላጊነት የማላውቀው አልነበረም። ክፍት ቦታውን ለማሳየት ግን የቀደሙት ሰዎች ምን እንዳላዩ መናገር ያስፈልጋል፤ እሱን ደግሞ ፈርቼ ነበር። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ማን ነኝና? ቀስ ብሎ የገባኝ «አላዩም» ማለት «አያውቁም» ማለት እንዳልሆነ ነው። በደረቁ ወራት ነበር የለኩት፤ በቃ። ይህን መጻፍ ስድብ አይደለም።

የሚገርመው መግቢያ ላይ የፈራሁትን ያህል ውይይቱ ላይ ደፋር ነበርኩ። «ጥናታችን ዝናብ ናይትሬትን እንደሚጨምር አረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። «ፕሩቭ» የሚለውን ግሥ ነበር የተጠቀምኩት፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ስለዚህ ጉዳይ ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የላክሁት ጆርናል በዘጠኝ ቀን ሪጀክት አደረገኝ። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት አንብቦ ለሚመዝነው የዘርፉ ባለሙያ፣ ለገምጋሚ እንኳ አልደረሰም፤ አርታዒው «ከጆርናላችን ወሰን ውጭ ነው» አለ። ትክክል ነበር። የጆርናሉን ወሰን የሚገልጸውን ገጽ አላነበብኩትም። ስሙ ትልቅ ስለነበር ነው የላክሁት። ሁለተኛው ጆርናል አራት ወር ቆይቶ የሁለት ገምጋሚዎችን አስተያየት ላከልኝ። ኢሜይሉን ከፍቼ ሦስት መስመር አነበብኩና ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ማታ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ገምጋሚ ደግ ሰው ነው። ሁለተኛው፣ ያው ሁለተኛው ነው፤ በዚህ ሥራ ያለ ሰው ሁለተኛው ገምጋሚ ሁልጊዜ ክፉው ነው የሚለውን ቀልድ ያውቃል። 14 ነጥብ ጻፈልኝ። የመጀመሪያው ነጥብ «እንግሊዝኛው አፉን በቋንቋው በፈታ ሰው ይታይ» ይላል። የትኛው መስመር? የትኛው ቃል? የለም። ሁለት ቀን በንዴት ከረምኩ።

ሰባተኛው ነጥብ ግን እንዲህ ይላል፦ «ዝናቡና ማዳበሪያው በተመሳሳይ ሳምንታት ነው የሚመጡት። ዝናቡ መሆኑን በምን አወቁ?»

በምን አወቅሁ? አላወቅሁም። አንድ ዓመት ሙሉ ለክቼ፣ አንድ ዓመት ተኩል ጽፌ፣ ይህ ጥያቄ በሐሳቤ አልመጣም ነበር። ገምጋሚው የእንግሊዝኛዬን ግሥ ነው የያዘው፤ ግን የያዘው ሰዋስው አልነበረም። «አረጋግጧል» ማለት የማልችለውን «አረጋግጧል» ብያለሁ። በእንግሊዝኛ ምርምር ጽሑፍ ውስጥ «ሜይ» (ሊሆን ይችላል)፣ «ሰጀስት» (ይጠቁማል) የሚሉ ልስልስ ቃላት የበዙት ለትሕትና ወይም ለፍርሃት ይመስለኝ ነበር። የመለኪያ ሥራ ነው የሚሠሩት፤ ማስረጃህ እስከ የት እንደሚያደርስህ ያሳያሉ። ሳይንቲስቶቹ ዋትሰንና ክሪክ በ1953 የዘር ባሕርይን የሚሸከመውን የዲኤንኤን ቅርጽ ያቀረቡበት ጽሑፍ አንድ ገጽና ትንሽ ነው። መጨረሻው አካባቢ ያቀረቡት የጥንድ አጣማመር ዲኤንኤ እንዴት ሊባዛ እንደሚችል እንደሚጠቁም «ከዓይናችን አላመለጠም» ብለው ያልፉታል። በቃ፤ ከዚያ በላይ አልሄዱም። እኔ በሦስት ደብተር ቁጥር «አረጋግጫለሁ» አልኩ። እናም ግድግዳው ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ነቅዬ አስተካከልኳት፦ «ዝናብ ሲጀምር ባሉት ሳምንታት፣ ምናልባትም ከማዳበሪያው ጋር ተዳምሮ…» አጠረች ባልልም እውነተኛ ሆነች።

መልስ አጻጻፉም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የገምጋሚውን እያንዳንዱን ነጥብ እንዳለ ገልብጦ፣ ከሥሩ መልስ ጽፎ፣ በስንተኛው መስመር ላይ ምን እንደተቀየረ መጠቆም። በመጀመሪያው ረቂቅ መልሴ «ገምጋሚው አልተረዳንም» የሚል ነበረበት። አማካሪዬ ሰረዙት። «ካልተረዳ አንቺ አልጻፍሽውም ማለት ነው» አሉኝ። ሁልጊዜ እውነት ነው አልልም። አንዳንዱ ገምጋሚ በትክክል ሳያነብ ይጽፋል። ግን ከ14ቱ ነጥቦች አሥሩ ላይ አማካሪዬ ልክ ነበሩ።

በዚያ ሰሞን ስለ አንስታይን የሰማሁት ነገር አጽናናኝ። በ1936 ከናታን ሮዘን ጋር ስለ ስበት ሞገዶች የጻፈውን «ፊዚካል ሪቪው» ለሚባለው የአሜሪካ ጆርናል ላከ። አርታዒው ለገምጋሚ ሰጠው፤ ገምጋሚው ስህተት አለበት አለ። አንስታይን ተቆጣ። ጽሑፋችን ከመታተሙ በፊት ለሌላ ሰው እንዲታይ አልፈቀድንም ብሎ መልሶ ወሰደው። በኋላ ግን ስህተቱ እውነት ሆኖ ተገኘ። በ1937 ሌላ ጆርናል ላይ የወጣው ድምዳሜው ተለውጦ ነው። ገምጋሚ እንደዛሬው የማይቀር ነገር አልነበረም ያኔ፤ ታዋቂው የእንግሊዝ ጆርናል «ኔቸር» እንኳ ለሁሉም ጽሑፍ ግዴታ ያደረገው በ1973 ነው። ሁለት ቀን መናደድ ይፈቀዳል ማለት ነው።

ስለ ሌሎቹ ወጥመዶች ባጭሩ። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» እያለ ክፈልና በአምስት ቀን ፐብሊሽ አደርግልሃለሁ የሚል ኢሜይል ይመጣል። አንዴ ልከፍል ጫፍ ደርሼ ነበር። ግምገማ በአምስት ቀን አያልቅም፤ ፕሮፌሰርም አልነበርኩም። ጽሑፍ የሚያርመውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ ቻትጂፒቲንም ሞክሬዋለሁ። ሰዋስውን ያቃናል፤ «ኤ» እና «ዘ»ን ከእኔ በላይ ያውቃል። ግን አንዴ «ሊሆን ይችላል» ያልኩትን በራሱ ፈቃድ «ነው» አድርጎ መለሰልኝ። ለዚያች «ሊሆን ይችላል» ስንት ዋጋ እንደከፈልኩ እሱ ምን ያውቃል?

ጽሑፉ በመጨረሻ ወጣ። 11 ገጽ ሆነ። ባለ 71 ቃሏ ዓረፍተ ነገር አምስት ሆና ዘዴው ውስጥ አለች።

ባለፈው ወር አንድ ጆርናል ጽሑፍ እንድገመግም ጠየቀኝ። የማላውቃት ወይም የማላውቀው ሰው ነው፤ ስሙ ተሸፍኗል። መግቢያው ሦስት ገጽ ሜዳ ነው። ግራፉ ላይ ዘጠኝ ቀለም ቆጠርኩ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ይዟል። አስተያየት መስጫው ላይ «1. እንግሊዝኛው አፉን በቋንቋው በፈታ ሰው…» ብዬ ጀመርኩ። ቆምኩ። አጠፋሁት። ግማሽ ገጹን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ግሡን ስፈልገው መስመር 212 ላይ አገኘሁት። እሱን ጻፍኩ።